የማያሚው ዘጠነኛ ፎቅ፦ «ክሬዚ» የተሰኘውን መጽሐፍ እንደገና ስናነብ

ፒት ኧርሊ የተባለው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ «ክሬዚ» በሚል ርእስ መጽሐፉን ያሳተመው በ2006 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ለይተን ካላመለከትን በስተቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ በቀጣዩ ዓመት ለፑሊትዘር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ከሆኑት አንዱ የነበረ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የአእምሮ ሕመምና የወንጀል ፍትሕ ስለሚገናኙበት ጉዳይ በአሜሪካ በሚደረገው ውይይት ስሙ ደጋግሞ ይነሣል። ርእሱን «እብድ» ብሎ ለመተርጎም የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አልደፈረም፤ ቃሉ በእኛ ዘንድ የተሸከመው ንቀት የጤና ባለሙያ በብዕሩ ሊያሰራጨው የሚገባ አይደለም። ደራሲው ግን ርእሱን የመረጠው ሕመምተኞችን ሊዘልፍበት ሳይሆን ሥርዐቱን ሊዘልፍበት መሆኑን ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ጀምሮ እንረዳለን።

ታሪኩ የሚጀምረው ከደራሲው ቤት ነው። በቨርጂኒያ ግዛት በፌርፋክስ አውራጃ የሚኖረው ኧርሊ፣ በባይፖላር ሕመም የተያዘና መድኃኒቱን ያቋረጠ ወጣት ልጁን ይዞ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሄዳል። (ፌርፋክስ ለእኛም እንግዳ ስም አይደለም፤ በዋሽንግተን ዙሪያ ከሚኖሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ቤታቸው እዚያና በአቅራቢያው ነው።) ልጁ የሚሰጠው መድኃኒት መርዝ ነው ብሎ ያምናል። ሐኪሙ፣ ሕመምተኛው ፈቃደኛ እስካልሆነ ድረስና በራሱ ወይም በሌላ ሰው ላይ ሊደርስ የተቃረበ አደጋ እስካልታየ ድረስ አስገድዶ ሊያክመው እንደማይችል፣ የግዛቲቱም ሕግ እንደሚከለክለው ነግሮ ያሰናብታቸዋል። ከሁለት ቀን በኋላ ልጁ ባለቤቶቹ በሌሉበት የማያውቀው ሰው ቤት ሰብሮ ገብቶ ገላውን ሲታጠብ ፖሊስ ይይዘዋል፤ በሁለት ከባድ ወንጀሎችም ይከሰሳል። አባት በመጨረሻ ልጁን ሆስፒታል ማስተኛት የቻለው «ሊገድለኝ ዝቶብኛል» ብሎ በመዋሸት ነው። ይህንንም አይደብቅም። ለዓመታት በጋዜጠኝነት እውነትን ሲያሳድድ የኖረ ሰው ልጁን ለማሳከም ሐሰት መናገር እንዳስፈለገው የሚተርክበት ክፍል ከመጽሐፉ ሁሉ የበለጠ ሐቀኛ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ በኋላ ኧርሊ ወደ ፍሎሪዳ፣ ወደ ማያሚ ይወርዳል። ዳኛ ስቲቨን ሌፍማን በሩን እንዲከፈትለት ይረዱታል፤ እሱም በማያሚ ዴድ አውራጃ የቅድመ ፍርድ ማቆያ እስር ቤት ዘጠነኛ ፎቅ፣ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው እስረኞች በሚያዙበት ክፍል፣ ለረዥም ጊዜ እየተመላለሰ ያያል። ራሳቸውን ያጠፋሉ ተብለው የሚሠጉት እስረኞች በመስታወት በተከለሉ ቀዝቃዛ ክፍሎች ውስጥ እርቃናቸውን ይቀመጣሉ። ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው የተሠራ ክፍል ከዚያ በላይ ያጭቃል። ጋዜጠኛው አንድ ቀን ከፎቁ ሐኪም ጋር እየተዘዋወረ ሰዓቱን ይይዛል፦ 92 እስረኞች በ19 ደቂቃ ተኩል ታይተዋል። ሲካፈል ለአንድ ሰው በአማካይ 12.7 ሰከንድ ይደርሳል።

ብዙዎቻችን ይህን ቁጥር ስናነብ መጀመሪያ የምንፈርደው በሐኪሙ ላይ ነው። ይሁንና ወንበራችንን እናስታውስ። ከጠዋት እስከ ቀትር በተመላላሽ ክፍል በር ላይ የሚሰለፈውን ሕዝብ፣ «መድኃኒቱ ተስማምቶሃል? እንቅልፍስ?» ብለን ካርዱን የምንመልስበትን ፍጥነት የማያውቅ ባልደረባ የለም። ኧርሊም ሐኪሙን አያወግዘውም። ሰውዬው እስረኛው መድኃኒት አልወስድም ካለ ሊያስገድደው አይችልም፤ እስር ቤት ሆስፒታል አይደለምና። ከተሻለውም በኋላ ወዴት እንደሚልከው አያውቅም። ስለዚህ ሥራው ሕመምተኛው በሕይወት መኖሩን ማረጋገጥ ብቻ ይሆናል። የመጽሐፉ ዘገባ ከፍ ብሎ የሚታየው በዚህ ቦታ ነው፤ ክፉ ሰው ሳይፈልግ ክፉ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል።

የኋላ ታሪኩንም ደራሲው ያነሣል፤ እኛ ግን በአጭሩ እናልፈዋለን። በ1955 በአሜሪካ የመንግሥት የአእምሮ ሆስፒታሎች ከ558,000 የሚበልጡ ሰዎች ተኝተው ነበር። መድኃኒት ተገኘ፣ የሆስፒታሎቹ ግፍ ተጋለጠ፣ በ1963 በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ፊርማ በየአካባቢው የአእምሮ ጤና ማእከላት እንዲቋቋሙ ተደነገገ። ሆስፒታሎቹ ባዶ ሆኑ፤ ማእከላቱ ግን በታሰበው ቁጥር አልተሠሩም። እንግሊዛዊው ሐኪም ሊዮኔል ፔንሮዝ ገና በ1939 የ18 የአውሮፓ አገሮችን አኃዝ አነጻጽሮ፣ የአእምሮ ሆስፒታል አልጋ በበዛበት አገር እስረኛ እንደሚያንስ፣ አልጋ ባነሰበትም እስረኛ እንደሚበዛ ጽፎ ነበር። ይህ ግንኙነት በሁሉም ቦታ አይሠራም፤ ሁለቱም የሚያንሱበት ድሃ አገር ሞልቷል። ለማያሚ ግን የተጻፈ ይመስላል።

አሁን ወደ መጽሐፉ ድክመት እንምጣ። ኧርሊ በአባትነቱ የተነሣበት ጥያቄ «ልጄ ሲታመም ሕጉ ለምን አላሳከመልኝም?» የሚል ነው። ከዚህም ተነሥቶ ያለፈቃድ ማከምን የሚገድበው ሕግ መላላት አለበት ወደሚል መደምደሚያ ያዘነብላል። በእርግጥም ቨርጂኒያ ከቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የ2007ቱ ግድያ በኋላ፣ በ2008 «የተቃረበ አደጋ» የሚለውን መመዘኛ አሻሽላለች። ነገር ግን የማያሚውን ምዕራፎች በጥሞና የሚያነብ ሰው ሌላ ነገር ያገኛል። በእነዚያ ምዕራፎች ከምናገኛቸው ሕመምተኞች መካከል ሕጉ የከለከላቸው ጥቂቶች ናቸው። የሚበዙት ሆስፒታል ገብተው የሚያውቁ፣ መድኃኒት የተጀመረላቸው፣ ከዚያ ግን ተቆጣጣሪ ወደሌለው ማደሪያ ወይም ወደ ጎዳና የተጣሉ ናቸው። እነዚህን ሰዎች ሕጉ ቢላላ ምን ይጠቅማቸዋል? በግድ ገብተው በግድ ይወጣሉ፤ ከበሩ ውጭ የሚጠብቃቸው ያው አስፋልት ነው። መጽሐፉ የሰበሰበው ማስረጃ የአገልግሎት እጥረትን ያሳያል፤ የደራሲው ክርክር ግን የሕግ እጥረትን ይከስሳል። ይህን ቅራኔ ኧርሊ አላየውም ለማለት አይቻልም፤ አይቶ ግን የአባት ሕመም አሸንፎታል።

ሌላም ጉድለት አለ። ቤታቸው የተሰበረባቸው ሰዎች በመጽሐፉ ውስጥ እንቅፋት ሆነው ይታያሉ። ፍርሃታቸው እውነተኛ ነበር። ከእስር ወደ ሕክምና ማዛወርን የምንደግፍ ሰዎች የተበደለውን ወገን ካላነጋገርን ጎረቤት፣ ዕድርና ቀበሌ በኋላ ሕመምተኛውን መልሶ የሚቀበልበት አንጀት እንደማይኖረው ማወቅ አለብን።

መጽሐፉ ሲታተም ገና ለጋ የነበረው የዳኛ ሌፍማን ፕሮግራም ዛሬ ከመጽሐፉ ይበልጥ ይታወቃል። ዳኛው ወደዚህ ሥራ የገቡበትን ምክንያት በየአደባባዩ ተናግረዋል፦ አንድ ቀን በችሎታቸው የቀረበው ተከሳሽ በሃርቫርድ የተማረ፣ ኋላ በስኪዞፍሬንያ ታሞ ጎዳና የወደቀ የአእምሮ ሐኪም ነበር። ወላጆቹ ልጃቸውን እንዲያሳክሙላቸው ለመኗቸው፤ ዳኛው ግን ከመልቀቅ በቀር በእጃቸው ምንም አልነበረም። የአእምሮ ሐኪም በዳኛ ፊት እንዲህ ሆኖ መቆሙ ከማንም ይልቅ እኛን የሚነካ ታሪክ ነው።

በ2000 የተጀመረው ፕሮግራም ሁለት በር አለው። አንደኛው ከመታሰር በፊት ያለው ነው፤ ፖሊሶች የ40 ሰዓት ሥልጠና ወስደው በቀውስ ላይ ያለን ሰው አረጋግተው ወደ ሕክምና እንዲወስዱት ይደረጋል። ይህ አሠራር በ1988 በሜምፊስ ከተማ የተጀመረ ሲሆን፣ መነሻውም ከአንድ ዓመት በፊት አንድ የአእምሮ ሕመምተኛ በፖሊስ ተተኩሶበት መሞቱ ነበር። ሁለተኛው በር ከታሰሩ በኋላ የሚከፈት ነው። በቀላል ወንጀል የተያዘ ሰው ተመርምሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከእስር ቤት ወደ ቀውስ ማረጋጊያ ክፍል ይዛወራል፤ ሕክምናውን ከተከታተለ ክሱ ሊነሣለት ይችላል፤ ማደሪያ ይፈለግለታል፤ ከራሱ ሕመም ያገገመ ሰው ይጎበኘዋል። ከ2008 ወዲህ ከበድ ያሉ፣ ነገር ግን ኃይል ያልተቀላቀለባቸው ክሶችም ተጨምረዋል።

የሚጠቀሱት አኃዞች አስደናቂ ናቸው። ከ2010 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት የአውራጃውና የማያሚ ከተማ ፖሊሶች 91,472 ከአእምሮ ጤና ቀውስ ጋር የተያያዙ ጥሪዎችን ተቀብለው ያሰሩት 152 ጊዜ ብቻ ነው፤ 17,516 ጊዜ ደግሞ ወደ ቀውስ ማረጋጊያ ክፍል ወስደዋል። በቀላል ወንጀል ተይዘው ወደ ፕሮግራሙ በገቡት ዘንድ እንደገና የመታሰር መጠን በዓመት ከ75 በመቶ ገደማ ወደ 20 በመቶ ገደማ ወርዷል። የአውራጃው እስረኞች ቁጥር ከ7,000 በላይ ከነበረበት ወደ 4,000 አካባቢ ቀንሶ አንድ እስር ቤት ተዘግቷል።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ይበል። እኛ አንድን አዲስ መድኃኒት በእንዲህ ዓይነት ማስረጃ እንቀበላለን? ጥሪ ሰው አይደለም፤ አንድ ሰው ብዙ ጊዜ ሊጠራበት ይችላል። ፕሮግራሙን የሚመርጡት፣ ዳኛውም የሚመርጣቸው፣ ሕክምናን ለመቀበል የሚሻሉት ናቸውና ከሌሎቹ ጋር ማነጻጸር ያሳስታል። በአውራጃው በዓመት የሚታሰሩት ሰዎች ጠቅላላ ቁጥርም ከ118,000 ወደ 56,000 ገደማ ወርዷል፤ ይህን ያህል ሰፊ ቅናሽ በአእምሮ ሕመምተኞች መዛወር ብቻ ሊመጣ አይችልም፤ በዚያው ዘመን ወንጀልም በአገሪቱ እየቀነሰ ነበር። ይህን ማለታችን ሥራውን ለማንኳሰስ አይደለም። ፕሮግራሙ መልካም ነው፤ መልካምነቱ ግን በተጋነነ አኃዝ ላይ ከተመሠረተ አኃዙ የተናጋ ቀን ገንዘቡም ይነሣል።

ለዚህ ጸሐፊ ከሁሉም የበለጠ የሚናገረው ቁጥር ትንሹ ነው። የደቡብ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በማያሚ ዴድ ደጋግመው የሚታሰሩ 97 ሰዎችን ለይተው ነበር፤ አብዛኞቹ ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ወንዶች ናቸው። በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ 2,200 ጊዜ ገደማ ታስረዋል፤ 27,000 ቀን በእስር ቤት፣ 13,000 ቀን በሆስፒታልና በድንገተኛ ክፍሎች አሳልፈዋል። 13 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶባቸዋል። ይህ ሁሉ ወጪ አንድ መኝታ ቤትና አንድ ቋሚ ተከታታይ ነርስ ሳይገዛላቸው ነው የወጣው። የገንዘብ እጥረት የለም ማለት ነው፤ ገንዘቡ የሚፈሰው በተሳሳተ ቦይ ነው።

ሌላ የሚታለፍ ጉዳይም አለ። በ2014 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 143 ሰዎች የፈጸሟቸውን 429 ወንጀሎች መርምሮ ከሕመሙ ምልክት ጋር በቀጥታ የተያያዙት 7.5 በመቶ ብቻ ሆነው አግኝቷቸዋል፤ በአብዛኛው የተያያዙት ሲጨመሩ 18 በመቶ ይደርሳሉ። የቀሩት ሌላውን ሰው ወደ ወንጀል በሚመሩት ነገሮች፣ በድህነት፣ በሥራ አጥነት፣ በመጠጥና በአደንዛዥ ዕፅ የመጡ ናቸው። እንግዲህ «እናክማቸው፤ ወንጀል ይቀንሳል» እያልን ሕክምናን ለባለሥልጣናት የምንሸጥ ከሆነ፣ ሳናውቀው ሕመምተኛ ሁሉ ወንጀለኛ ነው የሚለውን የድሮ ሐሜት እያጸናን ነው። ወንጀሉ ባይቀንስስ ሕክምናው ሊቀርበት ነው? የታመመ ሰው የሚታከመው ስለታመመ ነው። ኧርሊ በዚህ በኩል ከብዙ ተከታዮቹ ይሻላል፤ ልጁ እንዲታከም የፈለገው የጎረቤት በር እንዳይሰብር አልነበረምና። ከእርሱ በኋላ በ2018 አሊሳ ሮት በዚሁ ጉዳይ የጻፈችው መጽሐፍ ብዙ እስር ቤቶችን በማየት ይሰፋል፤ ነገር ግን እንደ ኧርሊ አንባቢውን ከአንድ ቤት ውስጥ አስገብቶ አያስቀምጠውም።

የዘጠነኛውን ፎቅ መጨረሻም ማወቅ ለሚሻ፦ የፌዴራሉ ፍትሕ መሥሪያ ቤት በ2011 የአውራጃው እስር ቤቶች ለእስረኞች አእምሮ ጤናና ራስን ከማጥፋት ለመጠበቅ የሚያደርጉት ጥንቃቄ የሕገ መንግሥት መብትን የሚጥስ መሆኑን አስታወቀ፤ በ2013ም በፍርድ ቤት የጸደቀ የማሻሻያ ስምምነት ተፈረመ። መጽሐፉ ከወጣ ሰባት ዓመት አልፎት ነበር።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይነግረናል? የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን በሩን አልዘጋም። በአንቀጽ 48 እና 49 በሕመም ምክንያት ኃላፊነት የሌለበትን ወይም ኃላፊነቱ ከፊል የሆነውን ሰው ይለያል፤ በአንቀጽ 51 ጥርጣሬ ሲኖር ዳኛው የባለሙያ ምርመራ እንዲያዝ ያደርጋል፤ ከአንቀጽ 129 እስከ 131 ደግሞ በጥበቃ ሥር ከማኖር አንሥቶ አደገኛ ላልሆነው ሰው ሕክምና እስከ ማዘዝ የሚደርሱ እርምጃዎችን ያስቀምጣል። ነገር ግን ይህ መንገድ የሚጀምረው ፋይል ተከፍቶ፣ ጉዳዩ ዳኛ ፊት ደርሶ፣ ዳኛውም ተጠራጥሮ ነው። ከዚያ በፊት፣ በፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ባሉት ቀናት፣ የተጻፈ መንገድ የለም። የፍርድ ቤት ምርመራውም ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል በነበረው በአማኑኤል ላይ ተከምሮ ቆይቷል። መስኮት የሰበረ ሰው እዚያ እስኪደርስ ድረስ ለመስኮቱ ሊፈረድበት ከሚችለው በላይ ይታሰራል።

በሌላ በኩል አሜሪካኖቹ የሌላቸው አንድ ነገር አለን ለማለት እደፍራለሁ። በደቡብ ኢትዮጵያ ገጠር የተደረጉና ውጤታቸው በ2022 የታተመ ሁለት ጥናቶች አሉ። አንደኛው፣ የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ክትትል የሳይካትሪ ነርሶች ከሚሰጡት እንደማያንስ አሳይቷል። ሁለተኛው ደግሞ ከአካባቢው የተመረጡ ሠራተኞች ቤት ለቤት የሚያደርጉት የተሐድሶ ሥራ ስኪዞፍሬንያ ያለበትን ሰው የዕለት ተዕለት ኑሮ እንደሚያሻሽል አረጋግጧል። እንግዲህ በሳይንሱ በኩል «በኅብረተሰብ ውስጥ ማከም አይቻልም» የሚል ምክንያት የለንም። የጎደለው በጤና ጣቢያውና በፖሊስ ጣቢያው መካከል ያለችው አጭር መንገድ ናት፤ በብዙ ወረዳዎች ሁለቱ ጣቢያዎች በእግር ይደራረሳሉ።

ይህን የምጽፈው ከአንድ ትዝታ ተነሥቼ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ የወረዳ ከተማ በሳይካትሪ ነርስነት ስሠራ፣ ሁለት ፖሊሶች እጁን በገመድ ያሰሩትን ሰው ይዘው መጡ። የሱቅ መስታወት በድንጋይ ሰብሮ ነበር። ካርዱን ሳወጣው የራሴን ጽሕፈት አገኘሁበት፤ በየወሩ የሚወጋው ፍሉፌናዚን ከመጋዘን ስለጠፋ ሦስት ቀጠሮ አልፎታል። እናቱ ከኋላ ቆመው «አንቱ ያውቁታል፤ ልጄ እንዲህ አልነበረም» ይሉኝ ነበር፤ በዕድሜ ልጃቸው ብሆንም በነጭ ጋዋኔ ምክንያት አንቱ ነበር የሚሉኝ። የነበረውን ሃሎፔሪዶል ሰጠሁት፤ ሕመምተኛ እንደሆነ፣ መድኃኒቱን ያቋረጠውም በራሱ ጥፋት እንዳልሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ማኅተም ተመታበት። ፖሊሱ ተቀብሎ አጠፈና በኪሱ ከተተው፤ ሰውየውንም መልሶ ወሰደው። እናትየው የሱቁን ባለቤት ለምነው፣ ሽማግሌ ልከው፣ የመስታወቱን ዋጋ በየወሩ ለመክፈል ተስማምተው ልጃቸውን ያስፈቱት ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። በዚያ ጊዜ ሁሉ መርፌውን የወጋው ሰው አልነበረም፤ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ መድኃኒቱ ወደ እኛ መጋዘን ገብቶ ነበር፤ ጣቢያው ውስጥ እንዳለ ግን ወደዚያ ሄጄ ልውጋው የሚል ሐሳብ ለእኔም አልመጣልኝም፣ ማንም አልጠየቀኝም።

የደብዳቤውን ቅጂ ዛሬም አለኝ። አንቀጽ 51ን ያኔ አላውቀውም ነበርና ለዐቃቤ ሕግ ወይም ለፍርድ ቤት አልጻፍኩትም፤ በአናቱ ላይ የሰፈረው «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ነው።